«የማን ወገን ነህ?» ፦ የፖለቲካ ወገንተኝነትና የአዲስ አበባ ማኅበራዊ ኑሮ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባ ከተማ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ፥ ስም ከተጠያየቁ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ሊያውቀው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። የጥያቄው ቃል በየዘመኑ ተለዋውጧል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «የማን ቤት ሰው ነህ?» ይባል ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ «በጠላት ጊዜ የት ነበርክ?» ሆነ። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ «የየትኛው መስመር ነህ?» ተባለ። ቃሉ ይለዋወጥ እንጂ የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰውየው ከማን ጋር እንደሚበላ፥ ለማን እንደሚያለቅስ፥ በክፉ ቀንም ማን ደጅ እንደሚደርስ ማወቅ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ የፖለቲካ ወገንተኝነት በዋና ከተማዪቱ ውስጥ የወዳጅነትን ክበብ እንዴት እንደሠራና እንዴት እንዳፈረሰ መመርመር፥ ከፍርስራሹም መካከል ቆሞ የቀረው ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ ማመልከት ነው። ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም። በሙያ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ዘወትር የሚገጥመው ፈተና በውስጡ አለበት።

ሠፈርና ጌታ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሠፋፈሯ የጦር ሠፈር አሠፋፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ ሆኖ፥ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ መጀመሪያ ድንኳናቸውን፥ በኋላም ቤታቸውን ተከሉ። በእያንዳንዱ መኰንን ግቢ ዙሪያ ወታደሩ፥ አሽከሩ፥ ባለ እጁና ዘመዱ ጎጆ እየቀለሰ ተቀመጠ። ደጃች ውቤ ሠፈር፥ ራስ ብሩ ሠፈር፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባሉት ስሞች የዚያ አሠፋፈር ማስታወሻዎች ናቸው።

በዚያን ጊዜ እንግዲህ ጉርብትናና የፖለቲካ ወገን የማይለያዩ ነበሩ። ጎረቤት ማለት የአንድ ጌታ ሰው፥ የአንድ ግብር ተካፋይ ማለት ነበር። ጌታው ሲሾም ደጁ በደጅ ጠኚ ይሞላል፤ ሲሻር ደጁ ይሳሳል፥ ሠፈሩም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ከኋለኛው ዘመን የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። አንድ ሎሌ ጌታው ሲሞት ወይም ሲሻር ለሌላ ጌታ ማደሩ እንደ ክህደት አይቆጠርበትም ነበር። የወገንነቱ ማሰሪያ እንጀራና ጥበቃ ስለሆነ፥ እንጀራው ሲቋረጥ ማሰሪያውም ያለ ብዙ ደም ይፈታል። ሰው የሚጠየቀው ለማን እንዳደረ እንጂ በልቡ ምን እንደሚያምን አልነበረም።

ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ ከጌታው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው በየሠፈሩ ገብቶ ተቀመጠ። የሠፈሩ ስም ቀረ፥ ትርጉሙ ግን ተለወጠ። ለምሳሌ የደጃች ውቤ ሠፈር በኋለኛው ዘመን «ውቤ በረሃ» ተብሎ በሌሊት ጭፈራው የታወቀ ሆነ። በዚህ ዓይነት ጉርብትናና ወገን ቀስ በቀስ ተለያዩ። ሰው ከማያውቀው፥ የጌታው ሰው ካልሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ከማይጋራው ጋር አጥር ለአጥር መኖር ጀመረ።

ከዱር፥ ከስደትና ከከተማ

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ፥ ሕዝቡ በሦስት ስም ተከፈለ፤ አርበኛ፥ ስደተኛና ባንዳ። ነፃነት ሲመለስ ሦስቱም ወደ አንዲት ከተማ ተመለሱ፤ በአንድ መሥሪያ ቤትም ጎን ለጎን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። በዱር አምስት ዓመት የተንከራተተው ሰው፥ ለጠላት ያደረው ከእርሱ በላይ ተሾሞ ሲያይ የተሰማው ምሬት ለብዙ ዓመታት በየጠጅ ቤቱና በየግብዣው ሲነገር ኖሯል። ሆኖም ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ቂሙ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም፥ ወደ ልጆቹ የተላለፈው ተሸራርፎ ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ አዲስ ክበብ ሠራ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም.፥ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፍተው ነበር። ከነፃነት በኋላ የኮተቤውና የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፥ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተጨመሩ። በአዳሪ ትምህርት ቤት የመኰንን ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ መኝታ ቤት አደሩ፤ ከአንድ ትሪ በሉ። አብሮ የተማረ ሰው እንደ ወንድም የሚተያይበት አዲስ ዝምድና ተፈጠረ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፥ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1954 ዓ.ም.፥ ያው ግቢ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ደም የፈሰሰበት ቤት የወጣቶች መማሪያ ሆነ፤ የከተማዪቱን ወዳጅነት እንደገና የሚያቀላቅለውና የሚከፋፍለው ትውልድም ከዚያው ግቢ ወጣ።

ከጥናት ክበብ ወደ ኅዋስ

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ፥ በመካከላቸው የባለ ርስት ልጆችም ነበሩ። ይህ ሊዘነጋ አይገባውም። የጥናት ክበብ የሚባለው በዚያን ዘመን በየመኝታ ክፍሉና በየኪራይ ቤቱ የተቋቋመው ስብስብ፥ ሰው በትውልዱ ሳይለይ ስለ ሀገሩ እንዲያስብ ያደረገ መልካም ነገር ነበረው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች፥ ሴቶች ጭምር፥ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበሉ አንብበዋል፤ ሌሊቱን ሲከራከሩ አድረው ጠዋት አብረው ቁርስ በልተዋል። ከጌታ ሠፈር ወዲህ፥ ሰው በሐሳብ ተስቦ የገባበት የመጀመሪያው ሰፊ ክበብ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ትውልድ ሁለት ድርጅቶች ወጡ። መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ ከተማ፥ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተመሠረቱ። አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ፥ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፥ ሁለት ኅቡዕ ጋዜጦች በአዲስ አበባ መሰራጨት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው «ዴሞክራሲያ»፥ ሁለተኛው «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ነበር። የሁለቱም አንባቢ አንድ ነበር፤ ያው ተማሪ፥ ያው መምህር፥ ያው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁለቱንም ተደብቆ ያነብባቸው ነበር።

በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ምን ነበር? ሁለቱም ማርክሳዊ ሌኒናዊ ነን ይሉ ነበር። ሁለቱም መሬት ለአራሹ እንዲሆን ታግለዋል፤ ሁለቱም የብሔረሰቦችን መብት በፕሮግራማቸው ጽፈዋል። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ሲል፥ መኢሶን ለወታደራዊው መንግሥት «ሂሳዊ ድጋፍ» እየሰጡ ሕዝቡን ማደራጀት ይሻላል አለ። ክርክሩ በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ሲካሄድ ቆየ። ልዩነቱ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሰዎች ሊሸከሙት የሚችሉት ልዩነት ነበር።

ጠረጴዛውን የገለበጠው የአደረጃጀቱ ለውጥ ነው። በጥናት ክበብ ውስጥ አንድ ሰው የፈለገውን ጓደኛ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኅዋስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የኅዋስ አባል ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያውቃል፤ የሚጠራው በትግል ስም ነው፤ የት እንደሚያድር፥ ማንን እንደሚያገኝ ለናቱ ልጅ እንኳ አይናገርም። ስለዚህ ከኅዋሱ ውጭ ያለ የልጅነት ጓደኛ በመጀመሪያ የማይነገረው ሰው፥ ቀጥሎ የሚጠረጠር ሰው፥ በመጨረሻም የሚሸሽ ሰው ሆነ። ምስጢር በሰፋ መጠን ጨዋታ ጠበበ። ሰው በመንገድ ላይ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ግራና ቀኙን ማየት ጀመረ። የቤት ኪራይ፥ ፍቅር፥ ጋብቻም ሳይቀር በመስመር የሚወሰን ሆነ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ወገን ተሰልፈው፥ እናታቸው ባቀረበችው ማዕድ ዙሪያ ሳይነጋገሩ የበሉበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ቋንቋም አብሮ ተለወጠ። ጓደኛ የሚለው ቃል ወደ «ጓድ» ሲያጥር፥ ከወገን ውጭ ላለው ሰው «አናርኪስት»፥ «ፋሺስት»፥ «አንጃ»፥ «ባንዳ» የሚሉ ስሞች ወጡለት። ለጣሊያን ላደረ ሰው ይሰጥ የነበረው ስም፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፥ በአንድ ወንበር ላይ አብሮ ለተማረ ሰው ተሰጠ። እንዲህ ያለ ስም አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ምን እንደተናገረ የሚጠይቅ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፥ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ጽሑፍ ይዞ ቀረ።

ለቅሶ የታጣበት ዘመን

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፥ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፥ ማለት ቀበሌዎች፥ ተቋቋሙ። ሥራቸው በመጀመሪያ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ መሰብሰብ፥ የጎረቤትን ጠብ መዳኘት፥ ሠፈርን ማጽዳት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች መሣሪያ ታጠቁ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ከተማዪቱ በሙሉ ተዘግታ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፥ የጎረቤት ዕውቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ማታ ማን እንደሚመጣ፥ መብራት መቼ እንደሚጠፋ፥ የማን ልጅ ከቤት እንደራቀ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው የቆየ ተረት በዚያን ጊዜ አስፈሪ ትርጉም ተሰጠው።

በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የተጀመረው ግድያና፥ መንግሥት ቀይ ሽብር ብሎ ያወጀው እርምጃ የስንቱን ቤት እንዳጠፋ የታወቀ ነው። በዚህ ንግግር ሊነሣ የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው። በብዙ ቤቶች ሐዘን መቀመጥ ተከለከለ። አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ ሲታይ፥ ወላጅ ልጄ ነው ብሎ ማንሣት አልቻለም። ጥቁር ለብሶ መታየት እንኳ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ ጡሩምባ አልተነፋም፤ እናት ድምጿን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። ለአዲስ አበባ ሰው ከሞት ይልቅ ይህ ከባድ ነበር። ምክንያቱም በዚህች ከተማ ሰው ብቻውን ሊኖር ይችል ይሆናል እንጂ ብቻውን አይቀበርም ነበር።

ወገንተኝነቱም ያሰበውን አላተረፈም። ወታደራዊውን መንግሥት ደግፎ የነበረው መኢሶን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ራሱ ኅቡዕ ገባ፤ ይታደኑ የነበሩትን ተከትሎም መታደን ጀመረ። የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳና ከኢሕአፓ መሥራቾች አንዱ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳ፥ ሁለቱም፥ በ1971 ዓ.ም. በዚያው መንግሥት እጅ ተገደሉ። በሕይወት ሳሉ አንድ ጠረጴዛ ያጡ ሰዎች፥ አንድ ገዳይ አገናኛቸው።

መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አጥንት ከየጉድጓዱ እየወጣ በወጉ ተቀበረ። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የፍርድ ሂደት በ1999 ዓ.ም. ዋናውን ውሳኔ አገኘ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ይሁንና ትዝታው እስከ ዛሬ በየወገኑ ተጽፎ ይገኛል። የኢሕአፓን ታሪክ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» በሚል ርእስ ሲጽፍ፥ የመኢሶንን አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱንም በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም የሚያነብ ሰው፥ ስለ አንዲት ከተማና ስለ አንድ ትውልድ እያነበበ መሆኑን ቶሎ ይረዳል።

ቆሞ የቀረው

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ያልፈረሰው ምን ነበር? ዕድር ነው። የአዲስ አበባ ዕድር በስፋት የታወቀው በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ እንደሆነ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ይህም ዘመን ጉርብትናና የጌታ ወገን ከተለያዩ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዕድር የተፈጠረው የማይተዋወቁ ጎረቤቶች እንዲቀባበሩ ነው።

ዕድርን ከፍርሃት ነፃ የነበረ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። ዕድርተኛውም ፈርቷል፤ ዳኛውም አጎንብሷል፤ ለአንዳንዱ ሟች ድንኳን ሊተከል አልቻለም። ሆኖም ክልከላው ሲላላ ተመልሶ የቆመው፥ ያለቀሱትንና ያስለቀሱትን በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀመጠው እርሱ ነው። ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል።

አንደኛ፥ ዕድር አባሉን የሚመዝነው በሚሠራው ነው። ወርኃዊ መዋጮ ከፍሏል ወይ? ቀብር ላይ ተገኝቷል ወይ? ድንኳን ሲተከል አግዟል ወይ? ካልተገኘ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ከከፈለ ነገሩ ያበቃል። የልብ ምርመራ የለም። ሁለተኛ፥ አባልነቱ በመኖሪያ እንጂ በምርጫ ስላልሆነ፥ ተመሳሳይ ሰዎች ብቻ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው የሚመሰጋገኑበት አይደለም። ሹሙና ዘበኛው፥ ነጋዴውና ጡረተኛው በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። ሦስተኛ፥ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ ሰውና የሚሸመግል ሽማግሌ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አራተኛ፥ የዕድር ትልቁ ቀን የሰው ክፉ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ወገን መጠየቅ ነውር ነው።

የሙያ ማኅበር ከየትኛው ወገን ነው?

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

የሙያ ማኅበር ከጥናት ክበቡም ከዕድሩም የወሰደው ነገር አለው። እንደ ጥናት ክበብ በሐሳብ ይሰበሰባል፤ እንደ ዕድር ደግሞ በሚሠራ ሥራ ይመዘናል። አደጋው የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሲውጠው ነው። በአብዮቱ ዘመን የሆነው ይኸው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሁሉም ወገን ሊይዘው የሚሻማበት መድረክ ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. በመንግሥት ተዘጋ፤ በ1969 ዓ.ም. በሌላ ማኅበር ተተካ። ሠራተኛው ስለ ደመወዙና ስለ ሥራ ሁኔታው የሚነጋገርበት ጠረጴዛ፥ ስለ መስመር የሚፈረጅበት ጠረጴዛ ሆነ። የሌሎቹም ማኅበራት ዕጣ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ጥያቄው በ1983 ዓ.ም. አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ስለ ብሔር የሚጠየቀው ጥያቄ ከፖለቲካው ጋር ተቆራኝቶ መጣ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ደግሞ ስንት ቤተ ዘመድና ስንት መሥሪያ ቤት በሁለት ጎራ ተከፍሎ እንደነበረ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ወደፊትም ጥያቄው በሌላ ቃል ይመጣል።

እንግዲህ አባላት የፖለቲካ አቋም አይኑራቸው ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። ስለ ሀገሩ የማያስብ ባለሙያ ለሙያውም አይረባም። የሚያስፈልገው፥ ማኅበሩ ራሱ አባሉን የማይጠይቃቸው ነገሮች እንዳሉ አስቀድሞ መወሰን ነው። ይህም በሥራ ሊገለጽ ይችላል። የማኅበሩ ሹማምንት በምስጢር ድምፅ ይመረጡ፤ ከውጭ በመጣ ስም ዝርዝር አይመረጡ። የአንድ ባልደረባ ሥራ ሲመዘን በሥራው ይመዘን፤ የጻፈውን ጽሑፍ የሚቃወም ሰው ጽሑፉን ይተች እንጂ ስም አያውጣለት። ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ ሽማግሌ ጠቡ ሳይነሣ ይታወቅ። ከሁሉም በላይ፥ አንድ ባልደረባ ሲታሰር፥ ከሥራው ሲባረር ወይም ቤተሰቡ በሐዘን ሲመታ፥ ማኅበሩ ወደዚያ ቤት ለመሄድ የሰውየው መስመር እስኪጣራ አይጠብቅ።

ይህ የመጨረሻው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ደጆች ሳይንኳኩ የቀሩት ሰው ሁሉ ክፉ ስለ ነበረ አልነበረም። ብዙዎቹ ለመሄድ ፈልገው፥ ማን ያየናል ብለው በየቤታቸው የቀሩ ደኅና ሰዎች ነበሩ። ብቻውን ሲሄድ የሚፈራ ሰው፥ ከሌሎች ጋር ሲሄድ ይደፍራል። ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ባልደረባቸው ክፉ ቀን ሲደርስበት አብረው ለመሄድ በሰላሙ ቀን የተስማሙ ሰዎች፥ ቀኑ ሲመጣ መንገዱን ያውቁታል።